ራውተሩን በፎይል የጠቀለሉት እትዬ፦ ስለ ብርሃን፣ ስለ ሞገድና ስለ «ጨረር»

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ሊትል ኢትዮጵያ ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው እናት ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ የካርድ ማሽን እምቢ ብሎኛል። ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤ ቶሎ ድረስልኝ» አሉኝ። ፕሮግራመር መሆን በሠፈራችን ከቴሌቪዥን እስከ ማቀዝቀዣ ያለውን ሁሉ ጠጋኝ መሆን ነው፤ ሄድኩ።

ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ ኢንተርኔት አጥቶ ነው። ራውተሩን ብፈልግ ከቦታው የለም። በመጨረሻ ከረከቦቱ ጀርባ አገኘሁት፤ ምግብ ወደ ቤት ለሚወስድ ደንበኛ በሚጠቀልሉበት ፎይል ሁለት ዙር ተጠቅልሏል። በፎይሉ ላይ ደግሞ ወርቅማ ተለጣፊ ወረቀት አለ። አንድ ሻጭ «ጨረር ይከላከላል» ብሎ በ30 ዶላር የሸጠላቸው ነው።

«ጨረሩን ፈርቼ ነው» አሉኝ።

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ቀጥለው የተናገሩት ግን መለሰው። ሐኪማቸው ያዘዘላቸውን የጡት ራጅ፣ ማለትም ማሞግራም፣ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዘው ሁለት ጊዜ ሰርዘውታል። «ያም ጨረር፣ ይሄም ጨረር። ትንሹን ከቤቴ እያባረርኩ ትልቁን ሄጄ ልታቀፈው?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር በአማርኛ ለሚያስብ ሰው ሙግታቸው ስህተት የለበትም። የፀሐይ ጨረር እንላለን። የራጅ ጨረር እንላለን። የስልክ ጨረር፣ የዋይፋይ ጨረር፣ የኑክሌር ጨረርም እንላለን። አንድ ቃል ሁሉንም ከተሸከመ፣ ፍርሃቱም ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል። ይባስ ብሎ እኔ ራሴ ከጥፋቱ ድርሻ አለኝ፤ ከዓመታት በፊት አንድ የስልክ መተግበሪያ ወደ አማርኛ ስመልስ፣ ስለ ሬዲዮ ሞገድ መጠን የሚናገረውን ገጽ ሳላስብበት «የጨረር አደጋ መረጃ» ብዬ ጽፌዋለሁ።

ስለዚህ ምሳው ካለፈ በኋላ እትዬ ቡና አፈሉ፣ እኔም ዕዳዬን ልከፍል ተቀመጥኩ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን የተነጋገርነው ነው።

ሁሉም አንድ ቤተሰብ ነው

ኩሬ ውስጥ እንጨት ነክራችሁ ብትወዘውዙት ሞገድ ዙሪያውን ይሰራጫል። ቀስ ብላችሁ ብትወዘውዙ ሞገዶቹ ይራራቃሉ፤ ፈጠን ብላችሁ ብትወዘውዙ ይቀራረባሉ። በሁለት ሞገዶች አናት መካከል ያለው ርቀት የሞገድ ርዝመት ይባላል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተወዘወዘ የሚነግረን ቁጥር ድግግሞሽ ነው፤ መለኪያውም ሄርዝ ነው።

እንጨቱን በኤሌክትሮን ተኩት። ኤሌክትሮን በአንቴና ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል በዙሪያው ያለው የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይልም አብሮ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜውም እየራቀ ይሄዳል። ይህ ሞገድ ውኃም አየርም አያስፈልገውም። የፀሐይ ብርሃን ባዶውን ሕዋ አቋርጦ የሚደርሰን ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1865 ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የተባለ ስኮትላንዳዊ የዚህን ሞገድ ፍጥነት በወረቀት ላይ በስሌት አወጣ። የመጣለት ቁጥር ቀደም ብሎ ከተለካው የብርሃን ፍጥነት ጋር ገጠመ። ስለዚህ ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ነው አለ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ጀርመናዊው ሄይንሪሽ ሄርዝ በቤተ ሙከራው የሬዲዮ ሞገድ ፈጥሮ የማክስዌልን ስሌት በተግባር አሳየ። ሬዲዮም፣ ዋይፋይም፣ የእሳት ወላፈንም፣ የሻማ ብርሃንም፣ ራጅም አንድ ነገር ናቸው። የሚለያዩት በድግግሞሻቸው ብቻ ነው።

እትዬ ሲኒውን አስቀምጠው «እንግዲያው እኔ ምን አልኩህ? ሁሉም አንድ ነው ማለት ነው!» አሉኝ። «አንድ ቤተሰብ ነው፤ ግን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሕፃንም ጎረምሳም አለ» አልኳቸው። ወደ ጠባያቸው ልዩነት ከመሄዳችን በፊት ግን ሁሉም የሚጋሩትን አንድ ነገር ላሳያቸው ፈለግሁ፤ ፍጥነታቸውን።

ተራራውና ቸኮሌቱ

ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ምሥራቅ ማውንት ዊልሰን የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው 1,740 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ያንሳል ብላችሁ ልትኮሩበት ትችላላችሁ። የከተማችን ቴሌቪዥንና ኤፍ ኤም ሬዲዮ የሚሠራጨው በአብዛኛው እዚያ ከተተከሉት አንቴናዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አልበርት ማይክልሰን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ የብርሃንን ፍጥነት የለካው እዚያው ነው።

ዘዴው ቀላልና የሚያስገርም ነው። ስምንት ገጽ ያለው መስተዋት በሰከንድ 528 ጊዜ ያህል እንዲሽከረከር አደረገ። ብርሃኑ ከመስተዋቱ አንድ ገጽ ላይ ነጥሮ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ሌላ ተራራ ይሄዳል፤ እዚያ ካለው መስተዋት ነጥሮ ይመለሳል። በዚህ ደርሶ መልስ ውስጥ ባለ ስምንት ገጹ መስተዋት ልክ አንድ ስምንተኛ ዙር ከዞረ፣ ቀጣዩ ገጽ የቀድሞውን ቦታ ይይዝና ብርሃኑን በትክክል ወደ ተመልካቹ ዓይን ይመልሰዋል። የመስተዋቱ ፍጥነት ከታወቀ የብርሃኑ ጉዞ የፈጀው ጊዜ ይታወቃል፤ ርቀቱም ተለክቷል፤ የቀረው ማካፈል ነው። ማይክልሰን ያገኘው በሰከንድ 299,796 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት ቁጥር 299,792.458 ነው። ልዩነቱ አራት ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም።

ተራራ የሌለው ሰው በማይክሮዌቭ ምድጃ መለካት ይችላል። እኛ በእትዬ ወጥ ቤት እንዲህ አደረግን። የሚሽከረከረውን ሳህን አወጣን። አንድ ሰፊ ቸኮሌት በማይሽከረከር ሳህን ላይ አስቀምጠን ለ20 ሰከንድ ያህል አሞቅነው። ሲወጣ ቸኮሌቱ በሙሉ አልቀለጠም፤ እዚህም እዚያም ነጠላ ነጠላ ቦታ ላይ ብቻ ቀልጧል። ሞገዱ በምድጃው ግድግዳዎች መካከል እየነጠረ ሲመላለስ የሚበረታበትና የሚደክምበት ቦታ ስለሚፈጠር ነው። ሳህኑ በደህናው ቀን የሚሽከረከረውም ምግቡ እንዲህ ዝንጉርጉር ሆኖ እንዳይሞቅ ነው።

በሁለት የቀለጡ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ነው። በማስመሪያ ስንለካው 6 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ስለዚህ ሙሉው ሞገድ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ከምድጃው ጀርባ ባለው ጽሑፍ ላይ ድግግሞሹ 2,450 ሜጋሄርዝ ይላል፤ በሰከንድ 2.45 ቢሊዮን ውዝዋዜ ማለት ነው። 0.12 ሜትርን በ2.45 ቢሊዮን አባዙት። በሰከንድ 294 ሚሊዮን ሜትር፣ ማለትም 294,000 ኪሎ ሜትር ይሰጣችኋል። ከእውነተኛው ቁጥር የራቅነው በ2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ውጤቱ ሁልጊዜ እንዲህ አያምርም፤ የምድጃው ቅርጽ ይወስነዋል። ስትሞክሩት ግን ምድጃውን ባዶውን አታብሩት፤ ቸኮሌቱንም ብሉት።

እዚህ ላይ እትዬ የማይክሮዌቩን በር እያዩ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ። «ብርሃኑም ሞገዱም አንድ ከሆኑ፣ ለምን ብርሃኑ በመስታወቱ በኩል ይታየኛል፤ ሞገዱ ግን አያቃጥለኝም?» መልሱ በሩ ላይ ያለው ባለ ብዙ ቀዳዳ ብረት ነው፤ ወንፊት በሉት። ቀዳዳዎቹ ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ናቸው። 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሞገድ በዚያ አያልፍም። የሚታይ ብርሃን ግን እጅግ አጭር ነው፤ በአንድ ፀጉር ውፍረት ላይ ከመቶ በላይ ሞገዶቹ ይደረደራሉ። እሱ እንደ ደቃቅ ዱቄት ሹልክ ብሎ ያልፋል።

ቤተሰቡን በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ

ከዝግተኛው ወደ ፈጣኑ እንሂድ።

መደርደሪያው ላይ ያለው ኤፍ ኤም ሬዲዮ የሚቀበለው ሞገድ ሦስት ሜትር ያህል ይረዝማል። ቀጥሎ ዋይፋዩና ማይክሮዌቩ አሉ፤ ብዙ ራውተሮች የሚጠቀሙበት 2.4 ጊጋሄርዝ ከምድጃው ጋር ጎረቤት ነው።

ከዚያ በላይ ቴራሄርዝ የሚባል መንደር አለ። ለረጅም ጊዜ ጥሩ መሣሪያ አጥቶ የቆየ ክፍተት ነው፤ ለሬዲዮ መሣሪያ በጣም ፈጣን፣ ለተለመደው ሌዘር ደግሞ በጣም ዝግተኛ ስለሆነ። በናሳ ጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከል ኢንጂነሩ ዶ/ር ብርሃኑ ቡልቻ በዚህ ክፍተት ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ሌዘር ይዞ በጨረቃ ላይ ውኃ ለመፈለግ የሚያስችል መሣሪያ ላይ ሠርቷል። ስሙ ሥራውን ይመስላል አሉ እትዬ።

ቀጥሎ ኢንፍራሬድ ነው። የቡናው የኤሌክትሪክ ምድጃ ገና ሳይቀላ እጃችሁን ብታስጠጉት ይሞቃችኋል፤ የማይታይ ብርሃን እየተፋ ስለሆነ ነው። እየጋለ ሲሄድ የብርሃኑ ድግግሞሽ ይጨምርና ዓይናችን ማየት ወደሚችልበት ይገባል፤ ያን ጊዜ ምድጃው ቀላ እንላለን። የቴሌቪዥን ሪሞትም በኢንፍራሬድ ነው የሚናገረው። የስልካችሁን የፊት ካሜራ ከፍታችሁ የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙሩና ቁልፉን ተጫኑ፤ በብዙ ስልኮች ላይ ዓይናችሁ የማያየው መብራት ብልጭ ሲል ይታያል።

ከዚያ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያለው የሚታየው ብርሃን ይመጣል። ዓለም በቀለም የተሞላች የምትመስለን በዚህች ጠባብ ቁራጭ ነው።

ከሐምራዊ በላይ አልትራቫዮሌት አለ። እትዬ ገንዘብ መቀበያው አጠገብ ሐሰተኛ ዶላር የሚለዩበት ትንሽ መብራት አላቸው። ባለ 20 ዶላሩን ከሥሩ ስታስቀምጡት ውስጡ ያለው ክር አረንጓዴ ያበራል። እሱን የሚያበራው አልትራቫዮሌት ነው። ከዚያም በላይ ዊልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘው ራጅ ይመጣል፤ ሞገዱ ከአንድ አቶም ውፍረት ያንሳል። መጨረሻ ላይ ከአቶም እምብርት የሚወጣው ጋማ ነው።

የኳርተር ማሽኑ

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 እንዳሳየው ብርሃን ጉልበቱን የሚያደርሰው በእሽግ በእሽግ ነው። እሽጉ ፎቶን ይባላል፤ ፕሮግራመሮች ፓኬት ብትሉት አልቃወምም። የአንዱ እሽግ ጉልበት የሚወሰነው በድግግሞሹ ብቻ ነው። ብርሃኑን ብታደምቁት የእሽጎቹ ቁጥር ይበዛል እንጂ የእያንዳንዱ ጉልበት አይጨምርም።

ሎስ አንጀለስ የመጣ ሰው ሁሉ ይህን ከልብስ ማጠቢያ ቤት ያውቀዋል። አሮጌው የማጠቢያ ማሽን ኳርተር እንጂ ሌላ አይቀበልም። ባለ አንድ ሳንቲሟን ፔኒ በጆንያ ይዛችሁ ብትመጡ፣ መቶ ዶላር ቢሞላም ማሽኑ አይዞርም። አንድ ኳርተር ግን ከቀዳዳው ይገባል።

በሰውነታችን ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎችም እንደዚያ ማሽን ናቸው። ዲ ኤን ኤን የሚያያይዘውን ማሰሪያ ለመበጠስ አንድ እሽግ ብቻውን በቂ ጉልበት ሊኖረው ይገባል። የዋይፋይ አንድ እሽግ ለዚያ ከሚያስፈልገው በመቶ ሺዎች እጥፍ ያንሳል። እንዲያውም በጠረጴዛው ላይ ካለው መብራት የሚወጣ አንድ አረንጓዴ እሽግ ከዋይፋዩ እሽግ ወደ 200,000 እጥፍ ይበረታል። እትዬ መብራቱን በፎይል አልጠቀለሉም።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ላይ ስንደርስ ኳርተሩ ይጀምራል። የማሞግራም ራጅ ደግሞ አንዱ እሽግ ከአረንጓዴው ብርሃን ወደ 8,000 እጥፍ ይበረታል። ስለዚህ ራጅ በእርግጥ ሌላ ነገር ነው፤ በሐኪም ትእዛዝና በልክ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

«ፔኒውስ? የፔኒ ጆንያ እግሬ ላይ ቢወድቅ አያመኝም?» አሉ እትዬ። ያማል! ደካማ እሽጎችም እጅግ ሲበዙ ያሞቃሉ፤ ማይክሮዌቩ ቸኮሌቱን ያቀለጠው እንዲያ ነው። ነገር ግን ምድጃው በተዘጋ ሳጥን ውስጥ 1,000 ዋት ገደማ ያፈሳል፤ ራውተር የሚያሠራጨው የዋት አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ እሱም በየአቅጣጫው ተበትኖ። አሜሪካ ውስጥ ለስልኮች የተቀመጠው ገደብ፣ በአንድ ኪሎ ግራም 1.6 ዋት፣ ይህን ማሞቅ ለመቆጣጠር ነው።

ታዲያ ምን እንፍራ?

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚለው ምድብ አስገብቶታል። ይህን አልደበቅኋቸውም። በዚያው ምድብ ውስጥ የሙሉው እሬት ቅጠል ጭማቂም አለ። ማስረጃው ውስን ነው፣ ጥናቱ ይቀጥል ማለት ነው። የፀሐይ ብርሃን ግን «ካንሰር ያመጣል» በተባለው በመጀመሪያው ምድብ ነው።

ፎይሉ ሠርቷል፤ ብረት የሬዲዮ ሞገድን ስለሚመልስ የካርድ ማሽኑ ኢንተርኔት አጣ። ተለጣፊው ግን አልሠራም። ስልክ ላይ የሚለጠፍ ነገር በእርግጥ ሞገዱን ቢያግድ ኖሮ ስልኩ ኔትወርክ ያጣ ነበር፤ ኔትወርክ ለማግኘትም ኃይሉን ይጨምር ነበር። ተለጣፊው ተለጥፎ ስልኩ በደንብ ከጠራ፣ 30 ዶላሩ ያገደው ነገር የለም።

ፀሐይን በተመለከተ፣ ጠቆር ያለ ቆዳችን ይጠብቀናል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም፤ ዓይናችንን ደግሞ ጨርሶ አይጠብቅልንም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ ይጨምራል። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለችው አዲስ አበባ በዚህ ከሎስ አንጀለስ የባሰች ናት። ባርኔጣና የፀሐይ መነጽር ከፎይል ይልቅ ይጠቅማሉ።

ማሞግራሙስ? አንድ ምርመራ የሚሰጠው 0.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። አሜሪካ የሚኖር ሰው ከአፈርና ከድንጋይ፣ ከአየርና ከሕዋ በዓመት 3 ሚሊሲቨርት ያህል ያገኛል። ስለዚህ ምርመራው ቤታቸው ተቀምጠው በሰባት ሳምንት ከሚያገኙት ጋር ይተካከላል። ኳርተር ነው፤ ግን ጥቂት ኳርተር ነው፤ በምላሹም በእጅ የማይዳሰስ እብጠት ቀድሞ ይታይበታል።

እትዬ ለአፍታ ዝም አሉ። «ይህን ቀደም ብሎ ማን ነገረኝ?» አሉ። ከዚያ ፎይሉን ገፈው ጣሉት። ሰኞ ደውለው ሦስተኛውን ቀጠሮ ያዙ። ልጃቸው ልትወስዳቸው ነው።

አሁን ለእኛ ለተርጓሚዎችና ለፕሮግራመሮች። አገር ቤት በሕግና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጽሑፍ «የጨረራ መከላከያ» እንደሚባለው፣ ለራጅና ለጋማ «ጨረራ» የሚለውን ቃል እንያዝላቸው። ለስልክ፣ ለዋይፋይና ለብሉቱዝ «የሬዲዮ ሞገድ» እንበል። ለፀሐይ ደግሞ አልትራቫዮሌት ሲሆን በስሙ እንጥራው። እኔ የድሮውን ገጼን ከፍቼ «የጨረር አደጋ መረጃ» የሚለውን «የሬዲዮ ሞገድ መጠን መረጃ» ብዬ ቀይሬዋለሁ። ለውጡ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።